በኬሚስትሪ ዲግሪ ሕክምና መግባት፦ ሥራ ከመልቀቄ በፊት ምን ላጣራ?

ቤተ ሙከራ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። በኬሚስትሪ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ ዕድሜዬ 27 ነው፤ የምሠራው ለገሃር አካባቢ በጥራት ቁጥጥር ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ሕክምና ለመማር ወስኛለሁ፤ ውሳኔው የቆየ ስለሆነ «ለምን?» የሚለውን እንለፈው። ማወቅ የምፈልገው አሠራሩን ነው። ዲግሪ ላለው ሰው የሚከፈተው በር የትኛው ነው? ወረቀቶቼን ከአሁኑ ላዘጋጅ ብል ከየት ልጀምር? ሥራዬን ይዤስ መማር ይቻላል? አንድ ሰው «የማታ ፕሮግራም አለ» ብሎኛል። በመጨረሻም የኬሚስትሪ ዕውቀቴ የት ይጠቅመኛል፣ የት ያሳስተኛል? ውስጡን የምታውቁት በዝርዝር ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ስድስት ኪሎ፦

ከማታው ልጀምር፤ ሰው ገንዘቡን የሚበላው እዚያ ላይ ነውና። ሕክምና የማታ፣ የቅዳሜና እሁድ ወይም የርቀት ፕሮግራም የለውም። «ቦታ አስይዝልሻለሁ» ለሚል ደላላ አምስት ሳንቲም እንዳትከፍዪ።

አሁን ወደ በሩ። ተመራቂዎችን የሚቀበለው የሕክምና ትምህርት በአገራችን በስፋት የተጀመረው በ2004 ዓ.ም ነው። ያኔ 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች፣ 10ሩ በዩኒቨርሲቲ፣ 3ቱ በሆስፒታል ሥር ሆነው፣ በተፈጥሮ ሳይንስና በጤና ሙያ የተመረቁ ሰዎችን ተቀበሉ። ሥርዓተ ትምህርቱ ኢንተርንሺፕን (የመጨረሻውን የሆስፒታል የተግባር ልምምድ) ጨምሮ አምስት ዓመት ገደማ የሚፈጅ ነው። የሐኪም እጥረቱን ቶሎ ለማቃለል ታስቦ የተቀረጸ ስለሆነ ፍሬሽማን የሚባል ነገር የለውም፤ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ታውቂያለሽ ተብሎ ነው የሚጀመረው።

ልብ በይ፣ ቅበላው በሁሉም ቦታና በየዓመቱ አይከፈትም። ሲከፈት ማስታወቂያ ይወጣል፤ ማስታወቂያውም የተፈቀዱትን የዲግሪ ዓይነቶች በስም ይዘረዝራል። «የተፈጥሮ ሳይንስ» የሚለውን ጥቅል ስም አይተሽ አትርኪ፤ የዲግሪሽ ስም ልክ የዲግሪ ወረቀትሽ ላይ እንደተጻፈው መኖሩን እዪ። ኬሚስትሪና ኢንደስትሪያል ኬሚስትሪ ለሬጅስትራር አንድ አይደሉም። በተለምዶ የጽሑፍ ፈተናና ቃለ መጠይቅ አለ፤ ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ የሚሰጠው የምዝገባ ጊዜ አጭር ስለሆነ ወረቀት ያላዘጋጀ ሰው የሚቀረው ብቃት አጥቶ ሳይሆን ቀኑ አልፎበት ነው።

ሁለተኛው በር የግል ኮሌጅ ነው። እዚህ ማጣራት ያለብሽ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሰጠውን ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ለኮሌጁ ስም የተሰጠ እንዳይመስልሽ፤ የሚሰጠው ለፕሮግራሙና ለካምፓሱ ነው። ነርሲንግ እንዲያስተምር የተፈቀደለት ኮሌጅ ሕክምና እንዲያስተምር ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም፤ በአንዱ ካምፓስ ያለው ፈቃድም ለሌላው አይሠራም። ደብዳቤውን አሳዩኝ በዪ፣ ቀኑን እዪ፣ ከዚያም ራስሽ ባለሥልጣኑ ዘንድ አጣሪ። ቀጥሎ «ክሊኒካል ዓመታት (በሽተኛ እያዩ የሚማሩባቸው) የሚሰጡት በየትኛው ሆስፒታል ነው? ውሉስ እስከ መቼ ነው?» ብለሽ መልሱን በጽሑፍ ጠይቂ። የራሱ ሆስፒታል የሌለው ኮሌጅ ከሌላ ተቋም ጋር በውል ነው የሚሠራው፤ ውሉ ቢቋረጥ ተማሪው መሀል ላይ ይንጠለጠላል። አንድ ቀን ወደ ውጭ የመሄድ ሐሳብ ካለሽ ደግሞ ትምህርት ቤቱ በዓለም የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማውጫ ውስጥ መኖሩን ተመልከቺ፤ የአሜሪካኑን የሐኪምነት ፈተና ለመውሰድ ይህ ግዴታ ነው።

አምስት ኪሎ፦

ስለ ወረቀቱ ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው ከፈተናው በፊት እዚህ ላይ ነው።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ከሆንሽ የወጪ መጋራት ዕዳ አለብሽ። ዕዳው እስኪያልቅ በእጅሽ ያለው ጊዜያዊ ዲግሪ ነው፤ ዋናውን ዲግሪም ሆነ ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን (የውጤት መግለጫውን) ለማግኘት ክሊራንስ፣ ማለትም ከዕዳ ነፃ የሚል ማስረጃ፣ ያስፈልግሻል። አሠሪሽ ከደመወዝሽ ሲቆርጥ ከቆየ የተቆረጠው ገንዘብ በስምሽ ለገቢ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ገቢ መደረጉን አጣሪ። ችግሩ የሚመጣው ቆራጩና ተቀባዩ የያዙት ስም ወይም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ሳይመሳሰል ሲቀር ነው፤ ከፍለሽ ሳለ እንዳልከፈልሽ ይታያል። የሰው ኃይል ክፍሉ በየዓመቱ የቆረጠውን ዘርዝሮ፣ ማኅተም አድርጎ ይጻፍልሽ። ይህን ሥራ ላይ እያለሽ ጨርሺው፤ ከለቀቅሽ በኋላ ፋይልሽን የሚፈልግልሽ አታገኚም።

ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በእጅ አይሰጥም፤ ከሬጅስትራር ወደ ተቀባዩ ተቋም ታሽጎ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የተቀባዩን ትክክለኛ አድራሻ ይዘሽ ሂጂ፤ ደረሰኙንም አትጣዪ። በእጅሽ የሚሰጠውን የውጤት ቅጂ፣ ስቱደንት ኮፒውን፣ ግን ለምዝገባ በርከት አድርገሽ ያዢ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ስም ነው። የ10ኛ ክፍል፣ የ12ኛ ክፍል፣ የዲግሪና የፋይዳ መታወቂያሽ ላይ ያለው የላቲን ፊደል አጻጻፍ አንድ ዓይነት መሆኑን ዛሬውኑ አራቱንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ አመሳክሪ። «ጽጌ» የሚለው ስም ብቻ በሦስትና አራት ዓይነት ይጻፋል። የአንድ ፊደል ልዩነት በምዝገባ ቀን «ሌላ ሰው ናት» ያሰኛል፤ ማስተካከያው እንደ ስሕተቱ ዓይነት ፍርድ ቤት ድረስ ሊወስድ ስለሚችል ጊዜ ይበላል።

ስለ መልቀቂያም አንድ ነገር። በግል ድርጅት ከሆንሽ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብሽ። የቅበላ ደብዳቤው እጅሽ ሳይገባ ማስጠንቀቂያውን አታስገቢ።

ነጭ ጋዋን፦

እኔ ስለ ትምህርቱ ልናገር። በሌላ ሙያ ተመርቆ የመጣ ሰው ጎበዝ ሆኖ ሳለ የሚቸገርበት አንድ ምክንያት አለ፦ መረዳትና ማስታወስ አንድ መስለው ይታዩታል። ኬሚስትሪ ውስጥ አንዱን መርሕ ከያዝሽ ቀሪውን ማውጣት ትችያለሽ፤ አናቶሚ ላይ ግን ከመርሕ የሚወጣ ብዙ ነገር የለም።

ለምሳሌ ክንድን የሚያንቀሳቅሰውን የነርቭ መረብ፣ ብራኪያል ፕሌክሰስን እንውሰድ። ከሲ5 እስከ ቲ1 አምስት ሥሮች አሉት፤ እነሱ ሦስት ግንድ ይሆናሉ፣ ግንዶቹ ስድስት ክፍል፣ ክፍሎቹ ሦስት ገመድ፣ ከገመዶቹ ደግሞ አምስት ዋና ነርቮች ይወጣሉ። አንዴ አንብበሽ «ገባኝ» ትያለሽ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ባዶ ወረቀት ቢሰጡሽ ግን ግማሹን አታገኚውም። ፈተናው ደግሞ ሥዕሉን አይጠይቅሽም። «በሽተኛው የክንዱ አጥንት መሀሉ ላይ ተሰብሯል፤ እጁን ከአንጓው ማቅናት አቅቶታል፤ የተጎዳው የትኛው ነርቭ ነው?» ይልሻል። መልሱ ራዲያል ነው፤ ምክንያቱም ነርቩ በዚያ ቦታ አጥንቱን ተጠግቶ በጀርባው ይዞራል። ስብራቱ ከትከሻ በታች ባለው አንገት ላይ ቢሆን አክሲላሪ፣ ክርን አጠገብ በውስጥ በኩል ባለው ጉብታ ላይ ቢሆን አልናር ይሆን ነበር። ስለዚህ ሥዕሉን በባዶ ወረቀት ደጋግመሽ ሥሪ፤ በእያንዳንዱ ነርቭ ጎን «እዚህ ቢቆረጥ ምን ይጠፋል?» ብለሽ ጻፊ። ማስመር፣ ማቅለምና ደጋግሞ ማንበብ ጊዜ ይወስዳሉ እንጂ ነገሩን ጭንቅላት ውስጥ አያስቀምጡም።

ለማስታወስ፣ የጥያቄና መልስ ካርዶችን በየጊዜው የሚያስከልሰው አንኪ የሚባል መተግበሪያ በአንድሮይድና በኮምፒዩተር ነፃ ነው። በአንድ ካርድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጻፊ። በቀን ከ20 እስከ 30 አዲስ ካርድ ይበቃሻል፤ ከዚያ ካለፈ ክለሳው ተከምሮ በሁለት ሳምንት ውስጥ ትተዪዋለሽ። ሌክቸሩን ሳይረዱ ካርድ መሥራት ደግሞ ባዶ ሽምደዳ ነው፤ ቅደም ተከተሉ መረዳት፣ ካርድ፣ ከዚያ ጥያቄ መሥራት ነው።

ኬሚስትሪሽ የሚያበራው ፊዚዮሎጂ፣ ባዮኬሚስትሪና ፋርማኮሎጂ ላይ ነው። የደም አሲድና ቤዝ ሌላውን ተማሪ ሲያስጨንቅ አንቺ በፊትም የምታውቂውን ቀመር ታገኚዋለሽ፦ ፒኤች = 6.1 + ሎግ (ባይካርቦኔት ÷ (0.03 × የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት))። በጤነኛ ሰው ባይካርቦኔቱ 24፣ ግፊቱ 40 ነው፤ 24ን ለ1.2 ስታካፍዪ 20፣ የ20 ሎግ 1.3፣ ስለዚህ 7.4። እስከዚህ ቀላል ነው። የምትሳሳቺው ሰውነትን ዝግ ዕቃ ውስጥ እንዳለ የላብራቶሪ ባፈር (የፒኤች ለውጥን የሚቋቋም ድብልቅ) አድርገሽ ስታስቢው ነው። ሰውነት ክፍት ሥርዓት ነው፤ ሳንባ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በደቂቃዎች፣ ኩላሊት ባይካርቦኔቱን በቀናት ያስተካክላሉ። ጥያቄው ሁልጊዜ «የሰውነት ማካካሻው በቂ ነው ወይስ ሁለተኛ ችግር አለ?» የሚለው ነው።

አዲስ አበባ ላይ ስለምትማሪ ይህንንም ያዢ። መጻሕፍቱ የተጻፉት ለባሕር ጠለል ነው። በዚያ ከፍታ በሳንባ ከረጢት ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት 0.21 × (760 − 47) − (40 ÷ 0.8)፣ ማለትም 100 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ይሆናል (760 የአየሩ፣ 47 የውኃ ትነቱ፣ 40 የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግፊት ነው)። እዚህ ከተማችን ላይ የአየር ግፊቱ 575 ገደማ ነው፤ ሰውነት ትንፋሽ ጨመር አድርጎ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ወደ 35 ቢያወርደው እንኳ ስሌቱ 67 አካባቢ ላይ ይቆማል። የመጽሐፉን ቁጥር እንዳለ ይዞ ዋርድ የገባ ተማሪ ጤነኛውን ሰው በሽተኛ ያደርገዋል።

ሰንጋ ተራ፦

ከላይ የተባለው ፕሪክሊኒካሉን፣ ማለትም ሆስፒታል ከመግባት በፊት ያለውን የክፍል ትምህርት፣ ይመለከታል። ክሊኒካል ላይ የሚፈተነው ሌላ ነገር ነው። ተመራቂዎች በዕድሜ ስለሚበስሉ ከበሽተኛ ጋር መነጋገር አይከብዳቸውም፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ድክመታቸው መቸኮል ነው፤ ሂስትሪው (የበሽተኛው የሕመም ታሪክ) ሳያልቅ ወደ ምርመራ ውጤት ይሮጣሉ።

አንድ ሰው «ያስለኛል» ቢልሽ መጀመሪያ የምትጽፊው ስንት ጊዜ እንደሆነው ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከሆነ የቲቢ ጥያቄዎች ግዴታ ናቸው፦ የሌሊት ላብ፣ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ ቤት ውስጥ የታመመ ሰው፣ ከዚህ በፊት የቲቢ ሕክምና፣ የኤችአይቪ ሁኔታ። «የለም» የተባለውንም ትጽፊዋለሽ። ኬዝ ስታቀርቢ ሲኒየሩ የሚያቆምሽ የበሽታውን ስም ስላላወቅሽ አይደለም፤ «ክብደቱ ቀንሷል?» ሲልሽ ያልጠየቅሽ ከሆነ ነው። የተግባር ፈተና ላይም እጅ መታጠብ፣ ራስን ማስተዋወቅና ፈቃድ መጠየቅ ነጥብ አላቸው፤ ቀላል ናቸው ተብለው ይዘለላሉ።

ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም በሽተኛው በእንግሊዝኛ አይታመምም። ጥቁር አንበሳም ሆነ ቅዱስ ጳውሎስ ሰው የሚመጣው ከየአቅጣጫው ነው። ኦሮምኛ የማትችዪ ከሆነ «የት ያምዎታል? መቼ ጀመረዎት? ያስመልስዎታል?» የሚሉትን ያህል እንኳ አሁን ተማሪ፤ አስተርጓሚ ፍለጋ ኮሪደር ለኮሪደር ከመዞር ያድንሻል።

ስቴቶስኮፕ ስትገዢ ርካሹን ባለ አንድ ገጽ አትውሰጂ። ሰፊው ገጽና ትንሿ ደወል ሁለቱም ያሉትን ግዢ። እኛ ዘንድ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የሚመጣ የልብ ቫልቭ በሽታ ብዙ ነው፤ የማይትራል ቫልቭ ሲጠብ የሚሰማው ወፍራም ዝቅተኛ ድምፅ በደወሏ፣ በሽተኛው በግራ ጎኑ ተኝቶ፣ የልብ ጫፍ ላይ ቀለል ተደርጎ ሲያዝ ነው የሚገኘው። ደወሏን ከተጫንሻት ቆዳው ተወጥሮ እንደ ሰፊው ገጽ ትሆናለች፤ ድምፁም ይጠፋል። በጥቁር አንበሳ ዙሪያ ባሉት የሕክምና ዕቃ መደብሮች ከመክፈልሽ በፊት ጆሮሽ ላይ አድርገሽ ሞክሪው። ሌላው ሁለት ጋዋን፣ የኪስ ባትሪ፣ ሜትር፣ የነርቭ መዶሻና ንዝረት መፈተሻው ባለ 128 ኸርዝ ቱኒንግ ፎርክ ነው። የደም ግፊት መለኪያው ሊቆይ ይችላል።

ገንዘብን በሚመለከት፣ የግል ኮሌጅ ከሆነ የዓመቱን ሳይሆን እስከ መመረቂያ ያለውን ጠቅላላ ክፍያ ጠይቂ፤ «ክፍያው መሀል ላይ ይጨምራል ወይ? የሆስፒታል አታችመንት (የተግባር ልምምድ) ክፍያ ለብቻው ነው ወይ? ሞጁል ብደግም ስንት ነው?» ብለሽ። የመንግሥት ከሆነ ስለ መኝታ፣ ስለ ምግብና ከምረቃ በኋላ ስላለው የአገልግሎት ግዴታ ውሉን አንብበሽ ፈርሚ። ከዚያ የራስሽን የቤት ኪራይና ትራንስፖርት ለአምስት ዓመት አስልተሽ ማን እንደሚሸፍነው ከቤተሰብ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ዲዩቲ (የሌሊት ተረኝነት) ማደር ስለሚኖር ቤት ከሆስፒታሉ በእግር በሚደረስበት ርቀት መሆኑ ከክፍሉ ስፋት ይበልጣል። ልደታ፣ ሜክሲኮ፣ ተክለ ሃይማኖት ለጥቁር አንበሳ ቅርብ ናቸው፤ ኪራዩ ግን እንደምታውቂው ነው፤ ሁለት ሦስት ሆኖ መያዝ የተሻለ ነው።

ሚዛን፦

የሁላችሁንም መልስ ወድጄዋለሁ፤ እኔ ግን አንድ ያልተነሳ ነገር ላንሳ። እህቴ፣ የሚስብሽ በሽተኛው ነው ወይስ የበሽታው አሠራር? ሁለተኛው ከሆነ በባዮኬሚስትሪ፣ በፋርማኮሎጂ ወይም በክሊኒካል ኬሚስትሪ ማስተርስ አለ፤ ከያዝሽው ዲግሪ በቀጥታ የሚቀጥል፣ ከሕክምናውም በብዙ የሚያጥር መንገድ ነው። ሕክምና አምስት ዓመት ብቻ እንዳይመስልሽ። ከምረቃ በኋላ የጤና ሚኒስቴር የሙያ ፈቃድ ፈተና አለ፣ ከዚያ በጠቅላላ ሐኪምነት ማገልገል፣ ከዚያ ስፔሻላይዜሽን። የውስጥ ደዌና የሕፃናት ሕክምና ሦስት ሦስት ዓመት ናቸው፤ ቀዶ ሕክምና ከዚያ ይረዝማል። 27 ላይ ዛሬ ብትጀምሪ ስፔሻሊስት የምትሆኚው አርባን እየተጠጋሽ ነው። ይህን ስል ተዪው ማለቴ አይደለም፤ ቁጥሩን አውቀሽ ግቢ ነው የምለው።

ነጭ ጋዋን፦

ሚዛን ልክ ነህ። እኔም የምጨምረው፣ ከመወሰንሽ በፊት ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ ሰው ጠይቀሽ አንድ ሙሉ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ምን እንደሚመስል በፈቃድ ተመልከቺ። ሽታው፣ ጩኸቱ፣ የአስታማሚው ጥያቄ፣ አልጋ መጥፋቱ። እዚያ ቆመሽ «ልቆይ» ካልሽ ሒሳቡ ያን ያህል አያስፈራሽም።

ግብር ከፋይ፦

ይቅርታ በመሀል ገብቼ፤ የእኔ ዲግሪ አካውንቲንግ ነው። ለእኔስ መንገድ አለ?

ስድስት ኪሎ፦

በተመራቂነት በኩል የሚከፈተው በር ለተፈጥሮና ለጤና ሳይንስ ነው፤ በአካውንቲንግ ዲግሪ አይገባም። ያለህ መንገድ የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና በተፈጥሮ ሳይንስ እንደገና ተፈትኖ እንደ ማንኛውም አዲስ ተማሪ መመደብ ነው፤ እሱ ፍሬሽማንን ጨምሮ ከስድስት ዓመት በላይ ይወስዳል። በዲግሪ ላይ ሁለት ሦስት የባዮሎጂ ኮርስ ጨምሮ የሚገባበት አቋራጭ አለ የሚልህ ካለ ማስታወቂያውን ያሳይህ።

ቤተ ሙከራ (ጠያቂ)፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ለማታው ፕሮግራም ልከፍል ጥቂት ነበር የቀረኝ። ሁለት ነገር ብቻ፦ እስከሚቀጥለው ማስታወቂያ ድረስ ሥራ ላይ ሆኜ ምን ላንብብ? ሌላው ደግሞ፣ ከሆስፒታሉ ሥራ በፊት ለጤናዬ ማድረግ ያለብኝ ነገር አለ?

አምስት ኪሎ፦

ንባቡን በፊዚዮሎጂ ጀምሪ፤ አናቶሚን ብቻሽን ያለ አጥንትና ያለ አስከሬን ክፍል ማንበብ አሰልቺ ነው፣ ቶሎም ይጠፋል። ለመግቢያ ፈተናው የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂሽን መልሺ፤ የኬሚስትሪ ምሩቆች ነጥብ የሚጥሉት ጄኔቲክስና የሰው አካል ላይ ነው። ከሥራ በኋላ ቤት የማይመችሽ ከሆነ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት በነፃ ነው፤ ቅዳሜ ግን ቦታ ለማግኘት በጠዋት መሄድ ያስፈልጋል።

ነጭ ጋዋን፦

ለጤናሽ ቀዳሚው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ነው፤ ቫይረሱ አገራችን ውስጥ ብዙ ነው፤ በመርፌ መወጋት ደግሞ ተማሪ ላይ ይደርሳል። መጀመሪያ ቫይረሱ በደምሽ ውስጥ አለመኖሩን ተመርመሪ። ከዚያ ሦስት ጊዜ ነው፦ ዛሬ፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከመጀመሪያው ስድስት ወር በኋላ። ትምህርት መስከረም ላይ ይጀመራል ብለሽ ካሰብሽ የመጀመሪያውን መጋቢት ላይ መውሰድ አለብሽ፤ ሚያዝያ ሁለተኛው፣ መስከረም ሦስተኛው። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ የመከላከል አቅሙን የሚያጸናው ግን እሱ ነው። ከሦስተኛው አንድ ወይም ሁለት ወር በኋላ የአንቲቦዲ መጠን ቢለካ ከ10 በላይ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ክትባቱ ይደገማል። ሥራ ላይ መርፌ ቢወጋሽ ቦታውን በውኃና በሳሙና ታጠቢ፣ አትጭመቂው፣ ወዲያው ለኃላፊው ተናገሪ። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት ከ72 ሰዓት በፊት መጀመርና 28 ቀን መወሰድ አለበት፤ በሰዓታት ውስጥ ሲጀመር ደግሞ የበለጠ ይሠራል። «ነገ እነግራቸዋለሁ» ብለሽ እንዳታድሪ።